የየማለዳው መና

ምንባብ፦ ኦሪት ዘጸአት 16፥13–21



መስቀል አልፎ መሬቱ መድረቅ በጀመረበት ወራት አንድ ወጣት ከማታው ጸሎት በኋላ ሊያነጋግረኝ ቀረ። ሰዎቹ ሁሉ ወጥተው ካለቁ በኋላም ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ተቀመጠ። በመጨረሻም፥ «ቄስ፥ ስሜን ከቈራቢዎች መዝገብ ይሰርዙልኝ» አለኝ። በደሉ ምን እንደ ሆነ ብጠይቀው የሰረቀው ገንዘብ፥ የበደለውም ሰው አልነበረም። በዘመን መለወጫ ዋዜማ ለእግዚአብሔር ተስሎ ኖሯል፤ በየሌሊቱ በዐሥር ሰዓት ሊነሣ፥ አንድ ሰዓት ሙሉ ተንበርክኮ ሊጸልይ፥ ከመጽሐፍ ቅዱስም በየቀኑ አምስት ምዕራፍ ሊያነብ። ዐሥራ አንድ ቀን ጠበቀው። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ከሥራ ደክሞ ስለ ገባ ፀሐይ እስክትወጣ ተኛ። በማግስቱ የሁለቱን ቀን ዐሥር ምዕራፍ ባንድነት ለማንበብ ሞከረ፥ አልቻለም፤ በሦስተኛው ቀን ዕዳው ዐሥራ አምስት ሆነ፤ በአራተኛው መጽሐፉን ዘግቶ በሣጥን ውስጥ ከተተው። «ለእግዚአብሔር ቃል ሰጥቶ ያፈረሰ ሰው እንዴት ወደ ማዕዱ ይቀርባል?» አለኝ።

እኔም በዚያች ማታ የመለስሁለትን ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። «በርታ፥ እንደ ገና ጀምር፥ ዲያብሎስ እንዳያሸንፍህ» ብዬ ሰደድሁት። ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ሸክም ለከበደው ሰው ገመዱን ማጥበቅ ነበር። መዝገቡን አልነካሁም፤ እርሱ ግን በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም፥ ከዚያም በኋላ ባለው እሑድ አልመጣም። እንግዲህ ይህ ስብከት በዚያች ማታ ልነግረው ይገባኝ የነበረው ነው፤ እንደ እርሱ ያላችሁ በየማኅበሩ ጥቂቶች እንዳልሆናችሁ አውቃለሁና ለሁላችሁ እጽፈዋለሁ።

እስራኤል ከግብፅ በወጡ በሁለተኛው ወር በዐሥራ አምስተኛው ቀን ወደ ሲን ምድረ በዳ ደረሱ። በዚያም ተርበው አጕረመረሙ፤ የባርነታቸውን ድስት እንኳ ናፈቁ። በማለዳ ግን ጠል በሰፈሩ ዙሪያ ወርዶ ነበር፤ ጠሉም ካለፈ በኋላ በምድር ላይ እንደ አመዳይ ያለ ደቃቅ ነገር ታየ። አመዳይ ስል እናንተ የደጋ ሰዎች ወዲያው ታውቁታላችሁ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ በሣሩ ላይ ነጥቶ የምናየው፥ ፀሐይ ጥቂት ከሞቀች በኋላ ግን የማናገኘው ነው። ሕዝቡም ምን እንደ ሆነ አላወቁትምና እርስ በርሳቸው ተጠያየቁ፤ ስሙም ከዚያው ጥያቄ ወጣለት።

በዚህ ምንባብ አስቀድማችሁ እንድታዩት የምወደው ነገር ይህ ነው፤ ከመልቀሙ በፊት መስጠቱ ነበረ። መናው የወረደው ሕዝቡ ተኝተው ሳሉ ነው። ማንም በጸሎቱ ብዛት አላወረደውም፤ ያጕረመረመውም ሰው ድንኳን፥ ዝም ያለውም ሰው ድንኳን በአንድ ጠል ተከበቡ። እኛ ግን የማለዳ ጸሎታችንንና ንባባችንን ለእግዚአብሔር የምንከፍለው ግብር አድርገን እንቈጥረዋለን፤ ከመጀመሪያው የምንስተውም በዚህ ነው። ግብር ያልከፈለ ሰው ከሹሙ ፊት ይሸሸጋል፤ ወጣቱም ያደረገው ይህንኑ ነው። ምግብ ግን እንዲህ አይደለም። ትናንት እራቱን ሳይበላ ያደረ ልጅ ዛሬ መጥቶ፥ «እናቴ ሆይ፥ ወደ ገበታሽ ለመቅረብ አፍራለሁ» ቢልሽ ምን ትመልሽለታለሽ? ከሌላው ቀን ይልቅ ፈጥነሽ ታቀርቢለት የለምን?

ሙሴም እያንዳንዱ በድንኳኑ ባሉት ሰዎች ቍጥር፥ ለአንድ ራስ አንድ ጎሞር እንዲለቅም ነገራቸው። ጎሞር የኢፍ ዐሥረኛ እጅ ነው፤ በዛሬው መስፈሪያ ሁለት ሊትር ያህል ይሆናል። ለአንድ ሰው የአንድ ቀን ምግብ እንጂ የጎተራ ሙሉ አይደለም። ከሕዝቡም አንዳንዱ ብዙ፥ አንዳንዱም ጥቂት ለቀመ፤ በመስፈሪያው ሲለካ ግን በብዙው ዘንድ ትርፍ፥ በጥቂቱም ዘንድ ጕድለት አልተገኘም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙዎቻችን የምንሰናከለው የጎረቤታችንን መስፈሪያ ተበድረን ነውና። አንድ ታላቅ የእግዚአብሔር ሰው ሌሊቱን ሙሉ ይጸልይ እንደ ነበረ እንሰማና በማግስቱ ያንኑ ልናደርግ እንነሣለን፤ ያ ሰው ወደዚያ የደረሰው በስንት ዓመት እንደ ሆነ አንጠይቅም። ሕፃን የምታጠባ እናት በሌሊት ሦስት ጊዜ ትነሣለች፤ ልጅዋን በጡትዋ ይዛ የምትደግማት አንዲት የጌታ ጸሎት ለእርስዋ ጎሞርዋ ናት፥ አልጐደለባትም። በእርሻ ወራት ጎህ ሳይቀድ የሚወጣ ገበሬ አንድ አጭር መዝሙር በቃሉ ይያዝና ከበሬዎቹ ኋላ እየሄደ ያሰላስለው። ተማሪ ዐይኑም ጊዜውም አለውና ከዚህ አብልጦ ይልቀም። ዐይናቸው የፈዘዘ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን ያስነብቡ፤ እንዲህ በሆነ ጊዜ ሁለት ሰው ከአንድ ጎሞር ይጠግባል።

ስለ እኛ ስለ አገልጋዮችም አንድ ነገር ልናዘዝ። ለስብከት ብለን የምናነበው ንባብ የገዛ ራሳችን የማለዳ ምግብ የሆነ ይመስለናል። ለእንግዳ ወጥ የሚሠራ ሰው ጨውን ሲቀምስ ይውልና ራሱ ሳይበላ ያድራል። በሴሚናሪ ሳለሁ የግሪክን ግሥ አጥንቼ ማርቆስን ከዳር እስከ ዳር አነበብሁ፤ በዚያው ዓመት ግን ልቤ እንደ ደረቀ እንጨት ሆኖ እንደ ነበረ አስታውሳለሁ። ትምህርቱን አልነቅፍም፤ መቅመስና መብላት ሁለት መሆናቸውን ብቻ እናገራለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ትሉ እንምጣ። ሙሴ ከመናው ለነገ እንዳያስቀሩ ቢያዝም አንዳንዶች አስቀሩ፤ በማግስቱም ተልቶ ሸተተ። በአገራችን ጤፍ በጎተራ ብዙ ዓመት ይቀመጣል፥ ነቀዝም አይደፍረውም፤ ስለዚህ የደጋ ገበሬ ልብ ሁልጊዜ ወደ ጎተራ ያዘነብላል። በመንፈሳዊ ነገርም እንዲሁ እናደርጋለን። በዘመን መለወጫ ወይም በአንድ የመነቃቃት ጉባኤ ልባችን ሲሞቅ የዓመቱን ሁሉ ጸሎት በአንድ ሳምንት ልንከምር እንወዳለን፤ ወይም ያመለጠንን የትናንቱን ከዛሬው ጋር ደርበን ልንሰፍር እንሞክራለን። ወጣቱን የጣለው ዐሥራ ሁለተኛው ቀን አልነበረም፤ ዐሥራ ሦስተኛው ነው፥ የትናንትን ዕዳ በዛሬ ጎሞር ላይ የጨመረበት። የትናንቱ መና ቀልጧል፤ ማንም እንድትለቅመው አይጠይቅህም።

ሌላም ነገር አለ። ያ ሰው መናው ተልቶበት፥ ሙሴም ተቈጥቶት፥ በዚያው ማለዳ ምን አገኘ? ጠሉ እንደ ገና በድንኳኑ ዙሪያ ወርዶ ነበር። ትናንት የታዘዘውን ያላደረገ ሰው ዛሬ እንዳይለቅም የሚከለክል ቃል በምዕራፉ ውስጥ የለም። እስራኤል ባጕረመረሙበት፥ ጥጃ ባቆሙበት፥ ምድሪቱን ሊሰልሉ ሄደው በፈሩበት ዘመን ሁሉ፥ ወደሚኖሩባት ምድር እስኪመጡ ድረስ አርባ ዓመት መናው አልተቋረጠም። ለወጣቱ ልነግረው የተገባኝ ይህን ነበር፤ እኔ ግን «በርታ» አልሁት።

ጥቂት በጥቂት የተሠራ ነገር ምን ያህል እንደሚሆን በገዛ ቋንቋችን ምስክር አለን። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በካይሮ ከተማ አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ነበረ። እርሱም አስሊን ደ ሼርቪል ከሚባል የፈረንሳይ ቆንስል ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሰ። ሥራቸውም እንዲህ ነበር፤ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ ቆንስሉ ደጁን ለጎብኚ ሁሉ ይዘጋል፤ ሁለቱ ተቀምጠው የዐረብኛውን መጽሐፍ ቍጥር በቍጥር በዝግታ ያነብባሉ፤ የከበደውንም ቃል ከዕብራይስጡ፥ ከሱርስቱና ከግሪኩ ጋር ያመሳክራሉ። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ነገር ግን ዐሥር ዓመት አደረጉት። በአንዱ ማክሰኞ ማታ ገብታችሁ «ዛሬ ምን ፈጸማችሁ?» ብትሉአቸው ጥቂት ቍጥሮች ባሳዩአችሁ ነበር። ሲያልቅ ጽሑፉ 9539 ገጽ ሆነ። አቡ ሩሚ በ1819 እ.ኤ.አ. በወረርሽኝ ሞተ፤ ከሥራው አንድም የታተመ ገጽ በዐይኑ አላየም። በሚቀጥለው ዓመት የእንግሊዝና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ጽሑፉን ገዛው፤ አራቱ ወንጌላት በ1824፥ አዲስ ኪዳን በ1829፥ መላው መጽሐፍም በ1840 ታተሙ። ዛሬ በእጃችሁ ያለው ትርጕም ሌላ ነው፤ ነገር ግን አባቶቻችን የእግዚአብሔርን ቃል በአማርኛ በኅትመት ያነበቡት ከእነዚያ ማክሰኞዎችና ቅዳሜዎች የተነሣ ነው።

ዶክተር ማርቲን ሉተርም ስለዚህ ነገር ጽፎልናል። በ1529 እ.ኤ.አ. ባወጣው በታናሹ ካቴኪዝም ለቤተ ሰብ የደነገገው የማለዳና የማታ ሥርዐት እጅግ አጭር ነው፤ የመስቀል ምልክት፥ የሃይማኖት ጸሎት፥ የጌታ ጸሎት፥ ከዚያም አንዲት አጭር ጸሎት። ከዚያ በኋላ ማለዳ ወደ ሥራህ በደስታ ሂድ፥ ማታም ወዲያው በደስታ ተኛ ይላል። አስተውሉ፤ እንቅልፍንም በሥርዐቱ ውስጥ አገባው። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ ለፀጉር አስተካካዩ ለጴጥሮስ ስለ ጸሎት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጻፈለት። በእርስዋም ከትእዛዛቱ አንዱን ይዞ በአራት መንገድ ማሰላሰልን ያስተምረዋል፤ ይህ ምን ያስተምረኛል፥ ስለ ምን አመሰግናለሁ፥ ምን እናዘዛለሁ፥ ምን እለምናለሁ ብሎ። ደግሞም «ጥቂት ቈይቼ፥ ይህን ከሠራሁ በኋላ እጸልያለሁ» ከሚል አሳብ እንዲጠበቅ ይመክረዋል፤ አንዱ ሥራ ሌላውን እየጐተተ ቀኑ ያልቃልና። ጸሎት ልብን ሰብስቦ እንዲሆን ሲያስተምርም ከገዛ ሥራው ምሳሌ ሰጠው፤ ምላጭ የያዘ ሰው አሳቡንና ዐይኑን ከምላጩ ላይ ካነሣ አፍንጫ ወይም ጕሮሮ ይቈርጣልና።

ስለ ጴጥሮስ ግን በስብከት የማይነገር አንድ ታሪክ አለ፤ እኔም ከነገርኋችሁ ሁሉ ይልቅ ይህ ያስፈልጋችኋል ብዬ አስባለሁ። በዚያው በ1535፥ በትንሣኤ ዋዜማ፥ በማዕድ ላይ ሳለ የልጁን ባል በቢላዋ ወግቶ ገደለው። ስለ ጸሎት የተጻፈችለት መጽሐፍ ገና አዲስ ነበረች! ሉተርና ሌሎች ወዳጆቹ ለመኑለት፤ ሞት ሳይፈረድበት ንብረቱን አጥቶ ከከተማው ተሰደደ። እንግዲህ ምን እንላለን? መልካም የጸሎት ልማድ ሰውን ከውድቀት የሚከልል ግንብ ነውን? አይደለም። የጸሎት ልማዳችን አዳኛችን አይደለም፤ እርሱን ያመነ በአሸዋ ላይ ቤቱን ሠራ። ጴጥሮስ በስደቱ ማለዳ ጌታን የሚያገኝበት መንገድ በዋዜማው ከነበረው የተለየ አልነበረም፤ «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለው ልመና ለነፍሰ ገዳይም ለንጹሕም አንድ ነው። ሉተርም የወደቀውን ሰው አልካደውም፥ መጽሐፊቱም መታተምዋን አልተወችም።

እንግዲህ እንዴት እንጀምር ለምትሉኝ፤ ከምትችሉት አሳንሳችሁ ጀምሩ። አዲስ ኪዳን 260 ምዕራፍ ነው። በሳምንት አምስት ቀን በየቀኑ አንድ ምዕራፍ ያነበበ ሰው በኀምሳ ሁለት ሳምንት ይፈጽመዋል፤ ለገበያ ቀንና ለእሑድም ዕረፍት ይተርፈዋል። ይህም ለሚከብደው የማርቆስ ወንጌል ዐሥራ ስድስት ምዕራፍ ነው፤ ግማሽ ምዕራፍ በየቀኑ ቢያነብ በአንድ ወር ጥቂት ቀን አልፎት ይጨርሳል። ቀን ቢያመልጣችሁ ከቆማችሁበት ቀጥሉ እንጂ አትደርቡ። ጊዜውንም አዲስ አትፈልጉለት፤ በየቀኑ ሳትጠሩት ከሚመጣ ሥራ ጋር እሰሩት። እሳት ከመጫሩ በፊት፥ ወይም ቡና እስኪፈላ፥ ወይም ለበሬዎቹ ድርቆሽ ከተሰጣቸው በኋላ ይሁን። መጽሐፉ በሣጥን ሳይሆን ዐይን በሚያርፍበት ስፍራ ይቀመጥ። ዛሬ ብዙዎቻችን ከእንቅልፋችን ስንነቃ እጃችን አስቀድሞ የሚዘረጋው ወደ ስልክ ነው፤ ስልክ ኀጢአት አይደለም፥ በእርሱ መጽሐፍ ቅዱስን የሚሰሙ ማንበብ የማይችሉ ወገኖች አሉና፤ ነገር ግን የሰው ወሬ ከእግዚአብሔር ቃል ቀድሞ ወደ ልብ በገባበት ቀን ጸሎት ምን ያህል እንደሚበተን እያንዳንዱ ያውቃል። የቤት አባቶች ሆይ፥ የማታውን የቤተ ሰብ ጸሎት አታርዝሙት። ልጆቹ ቍጭ ብለው እያንቀላፉ ሩብ ሰዓት የሚጸልይ አባት የሚያስተምራቸው ከጸሎት መሸሽን ነው።

ፀሐይም በሞቀች ጊዜ መናው ይቀልጥ ነበር። ይህን ስለ ማለዳ ሰዓት ብቻ አላነብበውም። ሰላም ያለበት፥ መጽሐፉ በእጅ የሚገኝበት፥ ደጁ የተከፈተበት ወራት ማለዳ ነው። ዳንኤል አዋጁ እንደ ተጻፈ ባወቀ ጊዜ በሰገነቱ በቀን ሦስት ጊዜ ተንበረከከ፤ ጸሐፊው ግን ይህን ከዚያ በፊትም ያደርገው እንደ ነበር ይነግረናል። በአዋጁ ቀን አዲስ ነገር አልጀመረም። በአገራችንም በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በተለይም በወለጋ በተዘጉ ጊዜ፥ የወንጌል ብሥራት ድምፅ የራዲዮ ጣቢያም በ1969 ዓ.ም. በተወረሰ ጊዜ፥ ምእመናን ወደ ቤታቸው ይዘው የገቡት ቀድሞ በቃላቸው የያዙትን መዝሙርና ቃል ነበር። ከእነዚያ ዘመን ከአንዲት እናት የሰማሁትን አልረሳም፤ ፊደል አልቈጠሩም፥ ነገር ግን እሑድ እሑድ አንድ ቍጥር ብቻ በቃል እየያዙ ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ሲዘጋ ጎረቤቶቻቸው ለቅሶ እንደሚደርሱ መስለው ወደ እርሳቸው እየመጡ ቃሉን ይሰሙ ነበር።

ያን ወጣት ከሦስት ሳምንት በኋላ በቤቱ ጐበኘሁት። ይቅርታ ጠየቅሁት፥ እርሱም ተደነቀ። ከዚህም ምዕራፍ ጥቂት አነበብንና መጽሐፉ ከሣጥኑ ወጥቶ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ከማርቆስ አንድ አንድ ታሪክ፥ ማለዳ ላሚቱ ከታለበች በኋላ፥ ከዚያም የጌታን ጸሎት እንዲል ተስማማን፤ ስእለት ግን እንዳይሳል ከለከልሁት። የጌታ እራት በሚሰጥበት እሑድ ከደጀ ሰላሙ ቆሞ ጠበቀኝና በዚያ ሳምንት ሁለት ቀን እንዳመለጠው ነገረኝ። «ደረብሃቸው?» ብለው፥ «የለም፥ ቀልጠዋል» አለና ወደ ውስጥ ገባ።

እንጸልይ። ሰማያዊ አባት ሆይ፥ ተኝተን ሳለን ምሕረትህን ስላወረድህልን እናመሰግንሃለን። ስእለታቸውን አፍርሰው ከፊትህ የተሸሸጉትን፥ መጽሐፋቸውን በሣጥን የዘጉትን ነገ ማለዳ ራስህ ቀስቅሳቸው፤ እንደ ጕልበታቸውም መጠን መግባቸው። ስለ ልጅህ ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ። አሜን።